በኪሎ የሚለካ አየር፦ የቴሌኮም ስዊች እንዴት ይቀዘቅዛል?

በብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ 3500 ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል። የምጣዱ ዲያሜትር 58 ሴንቲሜትር ቢሆን የገጹ ስፋት 2640 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናልና፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው ከ1.3 ዋት ብዙም አይበልጥም። በዚህች መጠን ሊጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንጀራ ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበውና ፕሬስኮት የሚል ስያሜ የተሰጠው የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር ደግሞ የሲሊከን ገጹ 1.12 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዚያች ጥፍር በምታክል ስፍራ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይፈልቅ ነበር። ይህም በካሬ ሴንቲሜትር ሲሰላ ከምጣዱ ወደ ሰባ እጥፍ ይጠጋል። ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። ምጣዱ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢግል ሥራው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን በአብዛኛው ከ100 ዲግሪ በታች ካልቆየ ስሌቱን ይሳሳታል፣ ቆይቶም ይበላሻል።

እንዲህ ያሉ ፕሮሰሰሮች የሚገኙት በጠረጴዛችን ላይ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ አይደለም። ስልክ ስንደውል ወይም መልእክት ስንልክ መንገዱን መርጠው ከተፈላጊው ሰው ጋር የሚያገናኙን፣ በባለሙያዎች ዘንድ ስዊች የሚባሉት ማዞሪያ መሣሪያዎች፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችን በአንድ ሳጥን ውስጥ አጨናንቀው የያዙ ናቸው። ሌሊትና ቀን፣ በበዓልም በሥራ ቀንም ይሠራሉ። በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን መሣሪያዎች ሙቀት የሚያስወግደው አየር እንዴት እንደሚሰላ፣ በተለይም እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ስሌቱ ለምን እንደሚለወጥ ለማሳየት እንሞክራለን።

ከስትሮውጀር ማዞሪያ እስከ ፕሮሰሰር ካርድ

የስልክ ጥሪን ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማዞሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት ያገኘው ኦልመን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ መተዳደሪያው የቀብር አገልግሎት መስጠት ነበር። የእርሱ ማዞሪያና ከእርሱ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የተሠሩት ሁሉ በኤሌክትሮማግኔት የሚንቀሳቀሱ የብረት ክንዶች ነበሯቸው። ክንዱ ከፍተኛውን ኃይል የሚወስደው ደዋዩ ቁጥር ሲያዞር ለአፍታ ነው። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ሠራተኛውን ያስቸግር የነበረው የብረቱ መንኳኳት እንጂ ሙቀቱ አልነበረም። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው በፕሮግራም የሚታዘዘው የመጀመሪያው ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ማዞሪያ እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ማዞሪያ ማለት ኮምፒዩተር ማለት እየሆነ ሄደ።

ዛሬ ድምፃችን በትንንሽ የመረጃ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። ስዊቹ የእያንዳንዱን ጥቅል አድራሻ አንብቦ መንገዱን ሊመርጥለት ስለሚገባ ያለማቋረጥ ያሰላል። ይህን ሥራ ለማከናወን ቀድሞ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዓይነት ካርድና ሳጥን ይሠራ ነበር። ፒክሚግ የተባለው የአምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ አድቫንስድ ቲሲኤ የተሰኘውን የጋራ ደረጃ ሲያጸድቅ ግን የአንዱን አምራች ካርድ በሌላው ሳጥን ውስጥ መሰካት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ። በዚህ ደረጃ መሠረት አንዱ ካርድ 32 በ28 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በካርድና በካርድ መካከል ያለው ርቀት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ በተለመደው ራክ ውስጥ በአንድ መደርደሪያ እስከ 14 ካርዶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ደረጃው ሲወጣ ለእያንዳንዱ ካርድ የተፈቀደው ከፍተኛ ኃይል 200 ዋት ነበር። የአሥራ አራቱ ድምር 2800 ዋት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ከምጣዳችን ብዙም አያንስም፤ ያውም ከጉልበት እምብዛም በማይበልጥ ቁመት ውስጥ።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አድቫንስድ ኤምሲ የተባለውን ይበልጥ አነስተኛ ሞጁል ደረጃ አወጣ። የዚህ ሞጁል ትንሹ ዓይነት 7 በ18 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። በትልቁ ካርድ ላይ ይሰካል፤ መሣሪያው ሥራውን ሳያቋርጥም ሊነቀልና በሌላ ሊተካ ይችላል። በዓመቱ እነዚሁ ሞጁሎች ትልቁን ካርድ ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚሰኩበት ማይክሮ ቲሲኤ ተከተለ። የሞጁሉ ደረጃ እስከ 80 ዋት ድረስ ይፈቅዳል። እንግዲህ መጠኑ እያነሰ ሙቀቱ ግን በዚያው ልክ ያለመቀነሱ ነው መሐንዲሶችን እንቅልፍ የነሣው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ከዜሮ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ በተለወጠ ቁጥር እጅግ ትንሽ የሆነ ካፓሲተር ይሞላል፣ ይፈስሳል። በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ድምሩ ከካፓሲተሩ መጠን፣ ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ካሬ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋና ቁም ነገር ነው፤ ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ለብዙ ዓመታት ትራንዚስተሮች እያነሱ ሲሄዱ ቮልቴጁም ከ5 ቮልት ወደ 3.3፣ ከዚያም ወደ 1 ቮልት አካባቢ ስለወረደ ፍጥነቱ ቢጨምርም ሙቀቱ ይቻል ነበር። ወደ 2004 እና 2005 ሲቃረብ ግን ቮልቴጁ ከዚያ በታች አልወርድም አለ። ምክንያቱም ትራንዚስተሩ ተዘግቶ እንኳ ሾልኮ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት እየበዛ በመሄዱ ነው። ኢንቴል የፕሬስኮትን ተተኪ የመሥራት ዕቅዱን እ.ኤ.አ. በ2004 ሰረዘ፤ ኢንዱስትሪውም ፊቱን ባለ ብዙ ኮር ወደሆኑት ፕሮሰሰሮች አዞረ።

ብልሃቱ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። የአንድን ፕሮሰሰር ቮልቴጅና ድግግሞሽ እያንዳንዳቸውን በ20 በመቶ ብንቀንስ ሙቀቱ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ወደሚገኘው 0.51 ይወርዳል። ስለዚህ በአንዱ ሙቀት ሁለት እንዲህ ያሉ ኮሮችን ማሠራት ይቻላል፤ ሥራውም 1.6 እጥፍ ይሆናል። በሺህ የሚቆጠሩ ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ለሚያስተናግድ ስዊች፣ ሥራው በተፈጥሮው ሊከፋፈል የሚችል በመሆኑ፣ ይህ መፍትሔ ከግል ኮምፒዩተር ይልቅ የተስማማ ነበር።

አየሩ በሊትር ወይስ በኪሎ?

ሙቀቱ ከሲሊከኑ ወደ ላዩ ወዳለው መዳብ ወይም አሉሚኒየም፣ ከዚያም ወደ ቀጫጭን የብረት ክንፎች፣ ከክንፎቹ ወደሚነፍሰው አየር ይተላለፋል። በየደረጃው መሰናክል አለ። ይህንን ከኦም ሕግ ጋር ማመሳሰል ለተማሪ የሚረዳ ይመስለናል፦ ሙቀቱ እንደ ኤሌክትሪክ ፍሰት፣ የመጠነ ሙቀት ልዩነቱ እንደ ቮልቴጅ፣ መሰናክሉ እንደ ተቃውሞ ይቆጠራል። የሙቀት ተቃውሞው በአንድ ዋት አንድ ዲግሪ ከሆነ 40 ዋት የሚያመነጭ ፕሮሰሰር ከአካባቢው አየር 40 ዲግሪ በልጦ ይሞቃል ማለት ነው።

አየሩ ራሱስ ምን ያህል ይሞቃል? አንድ ኪሎ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1005 ጁል ያህል ያስፈልጋል። የ200 ዋት ካርድ አየሩን በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲያሞቀው ከፈለግን በየሴኮንዱ 20 ግራም አየር በካርዱ ላይ ማሳለፍ አለብን። በባሕር ወለል አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ስለሚመዝን ይህ በሴኮንድ 17 ሊትር ያህል ነው። ለሙሉው መደርደሪያ 230 ሊትር ይደርሳል፤ ይህም በየሴኮንዱ አንድ ትልቅ በርሜል አየር እንደ መገልበጥ ነው። የስዊች ክፍል ገብቶ የሚያውቅ አንባቢ የማራገቢያዎቹን ጩኸት ያስታውስ ይሆናል።

እስካሁን ያሰላነው ሁሉ በባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ግን 2350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ባቄላውም ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅ የታወቀ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ በተመሳሳይ መጠነ ሙቀት የአየሩ እፍግታም በዚያው ልክ ይሳሳል፤ አንዱ ሊትር 1.2 ግራም መሆኑ ቀርቶ 0.9 ግራም ይሆናል። ማራገቢያ ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው ሊትር እንጂ ኪሎ አይደለም። በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት በክንፎቹ ቅርጽ የተወሰነ ነው። ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ መጠነ ቁስ ነው። ስለዚህ ያው ማራገቢያ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ካርድ ላይ ሲነፍስ አየሩ በ10 ዲግሪ መሞቁ ቀርቶ በ13 ዲግሪ ይሞቃል።

ጉዳቱ አንድ ብቻ አይደለም። የሳሳ አየር ከብረቱ ክንፍ ላይ ሙቀት የመቀበል ችሎታውም ይደክማል። የነፋሱ እንቅስቃሴ የተረበሸ በሚሆንበት ሁኔታ ይህ ችሎታ በግምት ከእፍግታው 0.8ኛ ርቢ ጋር ይሄዳልና ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የመረጥናቸው እኛ ነን። 40 ዋት የሚያመነጭ ፕሮሰሰር በአንድ ሞጁል ላይ አለ እንበል። ከሲሊከኑ እስከ ክንፉ ያለው ተቃውሞ 0.25፣ ከክንፉ ወደ አየር ያለው 0.60፣ በድምሩ በዋት 0.85 ዲግሪ ነው። የክፍሉ አየር 55 ዲግሪ ቢደርስና ወደ ፕሮሰሰሩ ከመድረሱ በፊት በሌሎች ክፍሎች 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በባሕር ወለል ሲሊከኑ 55 ሲደመር 10 ሲደመር 34፣ ማለትም 99 ዲግሪ ይሆናል። ገደቡ 100 ከሆነ ለጥቂት አመለጠ። አዲስ አበባ ላይ 0.60 የነበረው ተቃውሞ 0.75 ይሆንና ድምሩ አንድ ይሞላል፤ ስሌቱም 55 ሲደመር 13 ሲደመር 40፣ ማለትም 108 ነው። አንድም ነገር ሳይበላሽ፣ የከተማዋ ከፍታ ብቻ ዘጠኝ ዲግሪ ጨመረበት።

መፍትሔው ማራገቢያውን ማፍጠን ነው የሚል ተማሪ ተሳስቷል አይባልም። የጠፋውን መጠነ ቁስ ለመመለስ ፍጥነቱን በሲሶ መጨመር ይበቃል። ይሁን እንጂ ማራገቢያ የሚፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። በፍጥነቱ በኩል 2.37 እጥፍ ይጨምራል፤ በአየሩ መሳሳት በኩል ወደ ሦስት አራተኛ ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ከባሕር ወለሉ በ78 በመቶ የሚበልጥ ኃይል ይጠይቃል። ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል፤ የማራገቢያው ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃል።

በሌላ በኩል ግን ከፍታው የወሰደውን በብርድ ይመልሳል። በአዲስ አበባ የክፍሉን አየር 25 ዲግሪ ላይ ማቆየት የሚያስቸግር አይደለም። ያን ጊዜ የዚያው ፕሮሰሰር መጠነ ሙቀት 25 ሲደመር 13 ሲደመር 40፣ ማለትም 78 ዲግሪ ብቻ ነው። ዝቅ ባለው በሰመራ አየሩ ከባድ ቢሆንም የክፍሉ ማቀዝቀዣ ቆሞ 45 ዲግሪ አየር ቢገባ ሲሊከኑ ወደ 90 ይጠጋል። በእኛ አስተያየት ስለ ከፍታ በሚነሣ ጭውውት ይህ ሚዛን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አንዱ ወገን የሳሳውን አየር ብቻ፣ ሌላው ቅዝቃዜውን ብቻ ይቆጥራል። መሣሪያ ሲገዛ በመግለጫው መጨረሻ ገጽ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን የከፍታ ገደብ ማንበብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ብዙ አምራቾች ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሚፈቀደውን ከፍተኛ የክፍል ሙቀት ዝቅ ያደርጋሉ።

መብራት ሲጠፋ

55 ዲግሪ የሚለው ቁጥር የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቴሌኮም መሣሪያ የሚፈተነው ለደኅናው ቀን አይደለም። ኔብስ በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የቴሌኮም መሣሪያዎች መመዘኛ ለዘወትር ሥራ እስከ 40 ዲግሪ፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ እስከ 50፣ አንድ መደርደሪያ ለብቻው ሲፈተን እስከ 55 ዲግሪ እንዲቋቋም ይጠይቃል። አጭር ጊዜ ማለት በተከታታይ ከ96 ሰዓት፣ በዓመት ውስጥ በድምሩ ከ15 ቀን ያልበለጠ ነው። በዘርፉ የተለመደው ግብ መሣሪያው 99.999 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ እንዲሠራ ነው፤ ይህም በዓመት ውስጥ ከአምስት ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ መቋረጥ ብቻ ይፈቅዳል።

ስዊቾች የሚሠሩት በ48 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ሲሆን፣ ከኋላቸው የባትሪ ረድፍ አለ። መብራት ሲጠፋ ጥሪው አይቋረጥም። የክፍሉ ኤርኮንዲሽነር ግን ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ በአብዛኛው ከባትሪው ጋር አይያያዝም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ምን ይሆናል? 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በአዲስ አበባ ይህ 43 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። 3000 ዋት ሙቀት ሁሉ በአየሩ ውስጥ ቢቀር መጠነ ሙቀቱ በየደቂቃው በ4 ዲግሪ ይጨምራል፤ በባሕር ወለል 3 ዲግሪ ያህል ይሆን ነበር። በእርግጥ ግድግዳው፣ ወለሉና የራኩ ብረት ብዙውን ሙቀት ስለሚመጡት ጭማሪው ከዚህ ይዘገያል። ቢሆንም ጄኔሬተሩ አልነሣ ብሎ ቴክኒሻን ሲፈለግ የሚባክነው ግማሽ ሰዓት ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የክፍሉን በር መክፈት ያን ጊዜ የሚናቅ ምክር አይደለም፤ አቧራው ግን አብሮ ይገባል።

አቧራ ሲነሣ ስለ ማጣሪያው ጥቂት እንበል። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ የአየሩን ተቃውሞ ይጨምራል፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው አየር ይቀንሳል። ማንም ሳያስተውል ነው። አየር እንደ ኤሌክትሪክ ፍሰት ሁሉ ተቃውሞ ወዳነሰበት መንገድ ያዘነብላል። ከአሥራ አራቱ ማስገቢያዎች አንዱ ባዶ ቢሆንና ክዳኑ ሳይገጠምለት ቢቀር አብዛኛው አየር በዚያ ባዶ ስፍራ ሾልኮ ያልፋል፤ ጎረቤቶቹ ካርዶች ይታፈናሉ። ያ ክዳን ምንም ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት ቁራጭ ቆርቆሮ በመሆኑ ካርድ ሲነቀል ወዲያ ይጣላል። አንዱ ማራገቢያ ሲቆም ደግሞ አየሩ በቆመው ማራገቢያ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህም በሳጥኑ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ የየካርዱን መጠነ ሙቀት እየለካ የቀሩትን ማራገቢያዎች ያፈጥናል፤ ይህ ካልበቃ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ ያጠፋል።

ሙቀት ዕድሜ ያሳጥራል ሲባል በኤሌክትሮኒክስ ዘንድ የተለመደ አንድ አባባል አለ፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። በውስጡ ፈሳሽ ላለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ይህ ጥሩ ግምት ነው። ለሁሉም የካርዱ ክፍል እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም። የሽያጭ ነጥቦችን ለምሳሌ ይበልጥ የሚጎዳቸው የሙቀቱ ከፍታ ሳይሆን መሞቅና መቀዝቀዙ መፈራረቁ ነው።

ከአየር ወደ ውኃ

እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ብዙ የስዊች ሥራዎች ለቴሌኮም ብቻ ከተሠሩ ካርዶች ወጥተው በተራ ሰርቨሮች ላይ በሶፍትዌር መሠራት ጀምረዋል። የሙቀቱ ጥያቄ ግን አብሯቸው ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ ኤች 100 ፕሮሰሰር በአንዱ ዓይነቱ እስከ 700 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ለአንድ ሙሉ የአድቫንስድ ቲሲኤ ካርድ ደረጃው ሲወጣ ከተፈቀደለት ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። በዚህ ደረጃ አየር መድከም ይጀምራል። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት በባሕር ወለል አንድ ሊትር አየር ከሚሸከመው 3500 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ በአዲስ አበባ አየር ሲነጻጸር ወደ 4600 ይደርሳል። የውኃ እፍግታ በከፍታ የማይለወጥ በመሆኑ ቀዝቃዛ ውኃ በቀጭን ቱቦ እስከ ፕሮሰሰሩ ጀርባ ድረስ የሚወሰድበት ዘዴ በትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች እየተስፋፋ መጥቷል። ይሁን እንጂ ውኃው የተሸከመውን ሙቀት በመጨረሻ ከሕንጻው ውጭ ለአየር ማስረከቡ አይቀርም፤ እዚያም የራዲያተሩ ማራገቢያ የሚገፋው ያንኑ በሊትር 0.9 ግራም የሚመዝነውን አየር ነው።